የቀድሞ ባለሥልጣን ሲጽፍ ምኑን እንመን?

ጥያቄ፦ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽነር የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ስለ 77ቱ ረሃብ የጻፉትን እያነበብኩ ነው። ደርግን አምርረው ይከሳሉ፤ ራሳቸው ግን ሹም ነበሩ። ምን ያህሉን ልቀበል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እርሳስ ይያዙና በየአንቀጹ ኅዳግ ላይ ከሦስቱ አንዱን ይጻፉ፦ «አየ»፣ «ሰማ»፣ «ገመተ»። ሻለቃው ስለ እህልና ስለ ለጋሾች ሲጽፉ የእጃቸውን ሥራ ነው የሚነግሩን። በመጋቢት 1976 ያቀረቡት የ450,000 ቶን እህል ጥሪ ከመጽሐፉ ውጭም ተመዝግቧል። ሊቀመንበር መንግሥቱ በልባቸው ምን ያስቡ እንደነበር የሚተርክ ማንኛውም ሹም ግን ገማች ነው።

መጽሐፉ በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በእንግሊዝኛ ስለታተመ ቀኖቹን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመልሱ ይጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። ሁሌም 8 የሚቀንስ ሰው የኮረም ረሃብ በቢቢሲ የታየበትን ጥቅምት 13 ቀን 1977 ወደ 1976 ይወስደዋል። ያኔ ዋናው ነገር ይጠፋል፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መስከረም 2 ቀን 1977 ነበር፣ በመካከላቸው ያለው 41 ቀን ብቻ ነው።

ረጋ ብለው ሊያነቡት የሚገባው ሰፈራውን ነው። ከኅዳር 1977 ጀምሮ 600,000 ገደማ ሰው፣ ብዙው ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። ሻለቃው እስከ 1978 ሥልጣን ላይ ነበሩ። ስለዚህ «እኛ» የነበረው «እነሱ» የሚሆንበትን ገጽ ፈልገው ያስምሩበት። የከሳሽ ማስታወሻ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው፤ ባለሥልጣኑ መቼ ተቃወመ፣ ለማን ተናገረ፣ ከዚያስ በኋላ ስንት ወር በወንበሩ ቆየ?

ቀጥሎ የደርግ ከፍተኛ ሹማምንት የነበሩት ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ሌተና ኮሎኔል ፍስሐ ደስታ የጻፏቸውን የአማርኛ ማስታወሻዎች ከጎን ያስቀምጡ። ጥቅማቸው የሚጋጭ ሰዎች የተስማሙበት ጉዳይ ክብደት አለው። ሁሉም በሌላው ላይ ከጣሉት ግን የባለሥልጣን መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም።

ደሴ መሆንዎ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የባቲንና የኮረምን መጠለያ ያዩ አረጋውያን በአካባቢዎ አይጠፉም። በየትኛው ወር እንደደረሱ፣ እህሉን ማን እንዳደላቸው፣ ለሰፈራ ስማቸውን ማን እንደጻፈ ይጠይቋቸው። መጽሐፉ የሚለውን አስቀድመው አይንገሯቸው፤ የሰሙትን መልሰው እንዳይነግሩዎት።