የኑግ ዘይት ለስፌት መኪና ይሆን እንደሆነ ለጠየቁት እህታችን

«ከገጠር የተላከልኝ 5 ሊትር የኑግ ዘይት ሽታው ስለተለወጠ ለወጥ አይሆነኝም፤ ከምደፋው ለስፌት መኪናዬና ሲጥ ሲጥ ለሚለው በሬ ላድርገው ወይ?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፣ ብዙ ሰው «ዘይት ዘይት ነው፣ ያድርጉት» ብሎ ሲመልስልዎ አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ እኔን ያከሰረኝ ይኸው ምክር ነውና።

1. ከስፌት መኪናው አጠገብ አያድርሱት። የእኔዋ እናቴ በየወሩ እየከፈለች የገዛቻት፣ በእግር የምትረገጥ ጥቁር መኪና ስትሆን ልጆቼን ያሳደግሁት የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋሁባት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሥራ በተደራረበበት ሰሞን፣ የማሽን ዘይት አለቀብኝና ሱቅ ድረስ መሄዱ ታክቶኝ ከወጥ ቤት የኑግ ዘይት ቀድቼ በየቀዳዳው አንጠባጠብሁላት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ሳምንት እንደዚያ ለስልሳ ሠርታ አታውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ፔዳሉ ከበደኝ፤ ትንሽ ቆይቶም መንኮራኩሩ በሁለት እጅ ካልሆነ አልዞር አለ። እኔም ዘይት አንሷት ነው ብዬ ሌላ ጨመርሁባት፤ ትልቁ ጥፋቴ ይህ ሁለተኛው ነበር።

በላዳ ጭኜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኋት። ሠራተኛው የመርፌውን ዘንግ በጣቱ ነካ አድርጎ ካሸተተ በኋላ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «እትዬ፣ ምን ጠብሰውባት ነው ያመጧት?» አለኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። መሳቁስ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ግን 11 ቀን ሙሉ «ነገ ይምጡ» እያለ አመላለሰኝ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ደንበኞቼም ጨርቃቸውን እየወሰዱ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። የሠራውም ሥራ ቢሆን ክፍሎቹን ፈታትቶ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ ቡናማውን ሙጫ በብሩሽ ከመፋቅ ያለፈ አልነበረም። ዛሬ ይህን ራሴ እሠራዋለሁ፤ እሳት በሌለበት፣ መስኮት ከፍቼ፤ የጎረቤቶቼን ሦስት መኪናዎችም በዚሁ መንገድ አስነሥቻለሁ።

ምክንያቱን ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። የተልባ፣ የሱፍና የኑግ ዘይት ስስ ሆኖ ሲቀባ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ተልባ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ኑግ ዘግየት ይላል እንጂ አይቀርለትም። የማሽን ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ በመሆኑ እንዲህ አይደርቅም። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ይሻላል ያሉም አሉ፤ እሱ ባይደርቅ እንኳ በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ይጋገራል። በርዎም ቢሆን ለጥቂት ቀናት ዝም ካለ በኋላ ማጠፊያው አቧራ እየሰበሰበ ይጣበቃል። ቁልፉ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ዘይት ትተው የእርሳስ ጥቁሩን ፍቀው ዱቄቱን በመክፈቻው ላይ ነስንሰው ያስገቡት።

2. ለእንጨት ግን ይሆናል፤ መኪናዬን ያነቀው ያው መድረቁ እዚህ ይጠቅማል። የመጥረቢያና የዶማ እጀታ፣ በርጩማ፣ የደረቀ የወንበር እግር ይቀቡበት። እጅግ ስስ አድርገው በጨርቅ ይቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን በደንብ ይጥረጉ፣ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለብዙ ቀናት ይተዉት። እኔ መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ አወፍሬ የቀባሁት በርጩማ ለወር ያህል ሲጣበቅ ቆይቶ የአማቴን ነጭ ቀሚስ አበላሽቶብኛል፤ አማቴ እስከ ዛሬ እኔ ቤት የሚቀመጡት ወንበር ላይ ብቻ ነው። የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ አይወርውሩት፤ በተለይ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ እየደረቀ ሲሄድ ሙቀት ያምቅና ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። እኔ አጥር ላይ ዘርግቼ አድርቄ ነው የምጥለው። መክተፊያና የእንጨት ማማሰያ በዚህ ዘይት አይቀቡ፣ ሽታው ወደ ምግብ ይገባል።

3. ባቄላና አተር ከነቀዝ ለመጠበቅ ዘይት ይረዳል፤ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ፍሬው ሁሉ እስኪነካው ማሸት ነው። ለሚበላ እህል ግን ንጹሕ ዘይት ያስፈልጋል፣ የእርስዎ አይሆንም።

ሳሙና ይሥሩበት ያሉዎትም አልተሳሳቱም፤ ሆኖም ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ሕፃን ባለበት ቤት እኔ አልደፍረውም። የሚደፍር ሰው ቢያንስ ሶዳውን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ ሶዳው አይጨምር፣ በአሉሚኒየም ድስትም አይሞክር፣ ሶዳው ድስቱን ይበላዋልና።

ከዚህ የተረፈዎት ጠርሙስ ላይ የቀረን የወረቀት ሙጫና እጅ ላይ የደረቀን የዘይት ቀለም ለማስለቀቅ ይበቃዎታል፤ ጥቂት አሽተው በሳሙና መታጠብ ነው። ወደ ፍሳሽ ቱቦ ግን አይድፉት። ጀሪካኑም ላይ ዛሬውኑ «ለምግብ አይሆንም» ብለው በትልቁ ይጻፉበት፤ እኔ ሳልጽፍበት ቀርቼ ለበዓል የመጣች የእህቴ ልጅ ሽንኩርቱን በእሱ አቁላልታ ጠበቀችኝ።