ተማሪዎቼ ስለ መንዝ ኑሮዬ ይወቁ ወይ?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት የካቶሊክ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምቱን እናቴ ዘንድ፣ መሐል ሜዳ ነኝ። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ልጆች ለዓለም መምህራን ቀን «መምህሮቻችን ከክፍል ውጭ» የሚል መጽሔት ሊያዘጋጁ ነው። እያንዳንዳችን ስለ ኑሯችን አንድ ገጽ እንድንጽፍ ጠይቀውናል። ባልደረቦቼ ስለ ዋና፣ ስለ ፎቶ ማንሳት፣ ስለ ጉዞ ሊጽፉ ነው። የእኔ ግን ከእናቴ ጋር የበግ ጠጉር መፍተል፣ ገብስ ማረም፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ነው። ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝም እናቴ አውጥታ የምትሸጠው አረቄ ነው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የደህና ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህን ብጽፍ ንቀት አያመጣብኝም? ኦርቶዶክስ መዘምር መሆኔንስ ሲስተሮቹ እንዴት ያዩታል? በዚያ ላይ የሁለት ተማሪዎቼ ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ በክፍያ እንዳስጠናላቸው ጠይቀውኛል። ልቀበል?
(የባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽ እዚህ ደብረ ብርሃን ደርሶኛል። እኔም እንዳንቺ ከሲስተሮች ጋር ብዙ ዘመን አስተምሬ፣ ጡረታ ስወጣ ነው ወደ አገሬ የተመለስሁት። ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው። ስለዚህ የጠየቅሽኝን ነገር ከውስጡ አውቀዋለሁ። ጻፊው። ሳታሳምሪ፣ ሳታሳንሺ ጻፊው።

ንቀት ያመጣ እንደሆነ ነው የፈራሽው። በእኛ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ አንዲት ሲስተር ነበሩ። ከክፍል ሲወጡ ሽርጥ ታጥቀው ጎመን ይኮተኩታሉ፣ ለጸሎት ቤቱም ሻማ ያፈስሳሉ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ከበው ያዩዋቸው ነበር። ሰም በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ፣ ክሩ ለምን መሐል ላይ መቆም እንዳለበት እዚያው ይጠይቃሉ። ያን ሁሉ ዘመን አንዲት ልጅ እንኳ እጃቸው አፈር ነካ ብላ ስትንቃቸው አላየሁም። ልጆች የሚንቁት የሚያፍር ሰው ነው፤ ሥራውን አክብሮ የሚሠራን ሰውማ ጠጋ ብለው ነው የሚያዩት።

ደግሞ ያለሽበትን አገር አስቢው። መሐል ሜዳ ማለት የጓሳ፣ የዚያ የደጋ ሣር ምድር፣ ጎረቤት ማለት ነው! ልጆቹ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ከመጽሐፍ ሥዕል ነው የሚያውቋቸው፤ አንቺ ግን ከብት ስትጠብቂ አይተሻቸዋል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም እንደማይገኝ፣ ሣር እየነጨ የሚኖር እንስሳ እንደሆነ አንቺ ብትነግሪያቸው ሌላ ነው። የመንዝ አባቶች ጓሳውን እንዴት እንዳቆዩትም ጻፊላቸው። ቀሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት አባ ቀራ የሚባል አለቃ ተመርጦ፣ ሣሩ ለዓመታት ይከለከል ነበር። ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለቤት ክዳኑና ለገመዱ ያጭዳል፣ ለግጦሽም ይከፈታል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ ጨርሶ አልተወውም። ዛሬም ጓሳውን በማኅበረሰብ ደረጃ ይጠብቃል። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከዚህ የተሻለ ምን ምዕራፍ አለ?

ፍተሉንም አትዝለዪው። ጠጉሩ ከበጉ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ሸማኔ እጅ ገብቶ ባና፣ ያ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እስኪሆን ያለውን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ትምህርት ሲከፈት አንድ ልቃቂት ይዘሽ ግቢ። የበግ ጠጉር እንደ ራሳችን ፀጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ጥጥ ደግሞ ሴሉሎስ ነው። ሁለቱን ክር ለየብቻ በክብሪት አቃጥለሽ አሽትቻቸው፤ አንዱ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሌላው የተቃጠለ ወረቀት። ያን ቀን የተማሩትን አይረሱትም።

የአረቄው ነገር ግን ለየት ይላል። ፍተሉ፣ ማረሙ፣ መዝሙሩ የራስሽ ነውና ፈቃድ አያሻሽም። አረቄው የእናትሽ ኑሮ ነው፤ እሳቸው ሳያውቁ በመጽሔት መውጣት የለበትም። ጠይቂያቸው። «ልጄን በዚህ ነው ያስተማርሁ፣ ይጻፍ» ካሉ በኩራት ጻፊው፣ ጌሾና ብቅል ገዝተው ጭስ እየዋጡ እንዳሳደጉሽ። እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ልጅ ካለም መልሱ ሳይንስ ነው፤ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚተን ነው እንፋሎቱ ተይዞ፣ ቀዝቅዞ የሚንጠባጠበው። እንቢ ካሉሽ ግን ተይው። «እናቴ ሠርታ አስተማረችኝ» ማለቱ ብቻ ይበቃል፣ ሐሰትም የለበትም።

ይህን ሁሉ የምልሽ ለመጽሔቱ ብዬ ብቻ አይደለም። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን አስቢ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጣሊያንን የታገሉ አርበኛ ነበሩ፤ በጠላት አገር ታስረውም ያውቃሉ። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ይጽፉ ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማ ገቡ። እንዲህ ያለች ዳይሬክተር ፊታቸው ቆማ ያዩ ልጃገረዶች፣ ሴት ልጅ ምን ምን መሆን እንደምትችል ማንም ቆጥሮ ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር። አንቺ ክፍል ውስጥም ከአሥር ወይ ከሃያ አንዷ ልጅ የጠላ ሻጭ፣ የእንጀራ ጋጋሪ ልጅ መሆኗን ደብቃ የተቀመጠች አለች። በነጻ የትምህርት ዕድል የገቡትን እኔ አውቃቸው ነበር፣ ከምሳ ዕቃቸው ጀምሮ ነው የሚያፍሩት። ያንቺን ገጽ ከሁሉ በላይ የምትፈልገው እሷ ናት።

ስለ መዝሙርሽ አትጨነቂ። በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም ያስተምራል፣ ይማራልም፤ ሲስተሮቹ ሲቀጥሩሽ ማን እንደሆንሽ ያውቃሉ። እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እየተሳለምሁ አድጌ ነው እነሱ ዘንድ ያገለገልሁት። እንደማንኛውም የእረፍት ጊዜሽ ጻፊው፣ ስብከት ብቻ አታድርጊው። መንደር ውስጥ «ካቶሊክ ሆነች ወይ» የሚል ካለ ደግሞ ካቶሊኮች ለሸዋ ባዳ እንዳልሆኑ ንገሪው። ኋላ ካርዲናል የሆኑትን ጣሊያናዊውን የካቶሊክ ሚስዮናዊ አባ ማስያስን በ1860 ዓ.ም. ምኒልክ የተቀበሏቸው እዚህ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ልቼ ላይ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አገር ልቀቁ እስኪሏቸው ድረስም ከ10 ዓመት በላይ ሸዋ ተቀምጠዋል።

ስልክ ቁጥርሽን፣ የተከራየሽበትን ሰፈር፣ የታናናሾችሽን ፎቶ ገጹ ላይ አታስገቢ። መጽሔቱ ታትሞ ሳያበቃ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም።

የማስጠናቱን ነገር አትቀበዪ። የምታርሚላትን ልጅ ፈተና፣ ቅዳሜ ከእናቷ ገንዘብ ተቀብለሽ ስታስጠኚያት ጓደኞቿ ይሰማሉ፤ ውጤቷ ቢያምር ያንቺ ውለታ ነው ይላሉ፣ ልጅቷም ትጎዳለች። ገንዘቡ የግድ ካስፈለገሽ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች አስጠኚ፤ እሱንም ቢሆን ለርዕሰ መምህርቷ አስቀድመሽ ነግረሽ። ለሁለቱ ወላጆች ልጆቻቸው የከበዳቸውን ይዘው ከክፍል በኋላ ግቢው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እንዲመጡ ንገሪያቸው፤ ያለ ክፍያ።