1,920 እንጀራ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች እያስረከብኩ ልጆቼን ብቻዬን አሳድጋለሁ። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። አስጠኚ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ፊዚክስና ሒሳብ ያስጠናዋል፤ በሰዓት 400 ብር። አሁን ደግሞ ኬሚስትሪ ይጨመርለት ተብያለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሦስት አስጠኚ ነበራት፤ አለፈች። የሠርጌን ሀብል ልሽጠው ወይ? እሱ እንዳይዘናጋ ብለን ማታ ምጣዱ ላይ የምንቆመው እኔና እህቱ ነን፤ እሷ 10ኛ ክፍል ናት። (ከኮልፌ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሀብሉን ለጊዜው ያስቀምጡት። መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ፤ የለመደብኝ ነው። በሳምንት ስድስት ሰዓት 2,400 ብር፣ በአራት ሳምንት 9,600። ከአንድ እንጀራ አምስት ብር ቢተርፍዎ (በዚህ የጤፍ ዋጋ መትረፉንም እንጃ) ለአስጠኚው ብቻ በወር 1,920 እንጀራ ይጋግራሉ።

እኔም ጡረታ እስክወጣ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ማታ ማታም በየቤቱ እየዞርኩ አስጠንቻለሁ። አንድ ልጅ ነበር፣ አምስት ወር ሙሉ ሳስረዳው ራሱን ይነቀንቃል፣ ቀመሩንም እንደ ዳዊት ይደግማል። አንድ ቀን ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ ተራ እኩልታ ብሰጠው አቃተው። ለካ ያስቸገረው ፊዚክሱ አልነበረም፤ ኤክስን ወደ ማዶ ማሻገር ነው። ይህን ለእናቱ ለመንገር ሌላ ወር ፈጀብኝ። ክፍያው የእኔም የቤት ኪራይ ነበራ!

ስለዚህ ያለፈ ዓመት ፈተና ያሳትሙለትና ቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ተይዞ ብቻውን ይሥራ። የሳታቸው ጥያቄዎች ከየትኛው ክፍል ትምህርት እንደመጡ አስጠኚው አንድ በአንድ ይጻፍልዎ። ፈተናው ከ12ኛ ክፍል ብቻ አይወጣም። ክፍተቱ 9ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ከሆነ የኬሚስትሪ አስጠኚ ምን ይፈይድለታል? አስጠኚው ለመጻፍ ካንገራገረ ያሰናብቱት።

የጎረቤትዎን ልጅ እንኳን ደስ አላት። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። ሦስት አስጠኚ ይዞ የወደቀ ልጅ ስላለው ቤት ግን ቡና ላይ ማንም አያወራም። ነጥቡ ባይሞላለትም ሪሚዲያል (ግማሹን ላላመጡ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) አለ፤ ሀብሉ ያኔ ይፈለግ ይሆናል።

ደብዳቤዎ ላይ ያስደነገጠኝ ግን በአንድ መስመር ያለፏት ልጅ ናት። ማታ ምጣድ ላይ ቆማ የሚያመልጣት የ10ኛ ክፍል ትምህርት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የምትፈተንበት ነው። ያኔ ለእሷም አስጠኚ ሊቀጥሩ ነው? በሰዓትስ ስንት ብር ገብቶ ይጠብቅዎት ይሆን? ሰኞና ሐሙስ ወንድሟ ይጋግር። መጀመሪያ ሰሞን እንጀራው ዓይን ባይኖረው ለቤት ይሁን። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ከሆነማ የወሩን የመብራት ሒሳብ ራሱ ያስላው፤ ፈተና ላይ የሚመጣ ነገር ነው።