ውሃው የት ገባ?

ሰሞኑን አንድ ልጅ ጋራዤ መጥቶ "ጋሼ፣ ይሄ አይሱዙ ውሃ ይጠጣል" አለኝ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ይጎድላል ማለቱ ነው። የውሃ ፓምፑን ቀይሯል። ቱቦዎቹንም ቀይሯል። አሁን ደግሞ ራዲያተር ሊገዛ የባለመኪናውን ብር ይዞ ቆሟል። "ውሃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?" አልኩት። ዝም አለ። ለካ አላየውም።

እናንተ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ልጁን ለማማት አይደለም። በእሱ ዕድሜ የኔ ይብስ ነበር።

አንድ ያረጀ ኤን ፒ አር አይሱዙ ይመጣልኝ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል። ባለቤቱ ራሱ ነው የሚነዳው። የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ ሁለት ሀይላንድ ውሃ ይጎድልበታል። እኔ ጋ ሲያድር ግን ሥሩ አንዲት ጠብታ የለም። መጀመሪያ "ፓምፑ ነው" አልኩ። ቀየርን። ቀጥዬ "ራዲያተሩ ነው" አልኩ። እሱንም ቀየርን። ውሃው ግን እንደ ልማዱ ይጎድላል።

በመጨረሻ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ አብሬው ሮቢት ወረድኩ። ስንመለስ ጭነቱ ሙሉ ነው። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱ ሲጠና "አቁም" አልኩት። ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፈን ጋቢናውን ገለበጥን። ከትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያው በምትወጣው ቀጭን ቱቦ ውሃ ፊጭ፣ ፊጭ ይላል። መሬት ሳይደርስ ነፋሱ ይወስደዋል። ጥፋተኛው የራዲያተሩ ክዳን ነበር። የክዳኑ ጎማ ደርቆ እንደ ጥፍር ጠንክሯል። ሞላውም ልሟል፣ በአውራ ጣት ስትጫነው ዝም ብሎ ይገባል።

ክዳን ለብዙዎቻችን መክደኛ ብቻ ይመስለናል። ዋና ሥራው ግን ውሃውን አፍኖ መያዝ ነው። ባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ በ90 ገደማ ይፈላል። ደጋ ላይ ንፍሮ አልበስል የሚለው በዚሁ ነው። የጫነ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ 90ን በቀላሉ ያልፋል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የመሰለ የግፊት ቁጥር ታያላችሁ። 0.9 የሚለው ደህና ከሆነ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የደከመ ክዳን ሮቢት ጨዋ መስሎ ጣርማበር ላይ ይጋለጣል። ስትቀይሩት ታዲያ ቁጥሩን አይታችሁ፣ ያንኑ ግዙ።

አሁን ወደ ፍለጋው። ሞተሩ ሳይነሳ በጠዋት ጀምሩ። ማታ ሥሩ ካርቶን ዘርግታችሁ እደሩ፤ የረጠበበት ቦታ ከየት በላይ እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል። የኛ ውርጭ ለዚህ ሥራ ረዳት ነው። በብርድ የቱቦው ጎማ ሲኮማተር የላላ ፋሼታ (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያድራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ይዘጋል። ረፋድ ላይ የመጣ መካኒክ ምንም አያይም። ኩላንት (ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ሲደርቅ ነጭ ወይም እንደ ቀለሙ አረንጓዴ ዱካ ይተዋል። ውሃውን ካጣችሁት ዱካውን ፈልጉ። ቱቦዎቹን ጫፋቸው ላይ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። የላሸቀ ወይም የተሰነጠቀ ጫፍ ፋሼታ በማጥበቅ አይድንም።

ፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። በባትሪ መብራትና በመስታወት ካልሆነ አትታይም። የውስጡ ሲል (ውሃውን የሚያግደው ማሸጊያ) ሲያልቅ ውሃው በእሷ ይወጣል፤ የተሠራችውም ለዚህ ነው። በሲሊኮን የደፈኗት ልጆች አይቻለሁ። ተዉ! መውጫ ያጣው ውሃ ፓምፑን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቬንቶላው (ማራገቢያው) ተነቅሎ ራዲያተሩን ሲቦጭቀው ታያላችሁ።

ጋቢናው ውስጥ ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ ጣፋጭ ሽታ ባለው ጉም ከተሸፈነ ማሞቂያውን ጠርጥሩ።

ክዳኑ ደህና ሆኖ ውጭም ምንም ከሌለ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ክፈቱና አስነሱት። አረፋው ሳያቋርጥ ከተንተከተከ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ፣ ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ይሆናል። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለማ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነጭ ጭሱን ግን አትቸኩሉበት። ደብረ ብርሃን ጠዋት ነጭ የማያጨስ መኪና የለም። ከሞቀም በኋላ ካልተወ ያኔ ነው ነገሩ። ቴስታታው ከወረደ በኋላ መጣመሙን ሳትለኩ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጋችሁ አትግጠሙ። በወሩ ትፈቱታላችሁ።

በጋለ ሞተር ክዳን አትክፈቱ። ግራ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። በጋለ ሞተር ላይ የወንዝ ውሃ መገልበጥም ቴስታታ ይሰነጥቃል። የእንቁላል ነጭ ጨምሮ ቀዳዳ መድፈን የሚሉት አለ። መንገድ ላይ የቀረ ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ነውር ነው፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል። የተቀዳ ኩላንትም ግቢ ውስጥ አይደፋ። ይጣፍጣል፣ ውሻም ጥጃም ይልሰዋል፣ ይገድላል።

የሽንኩርቱን መኪና ክዳን በራሴ ብር ገዝቼ ቀየርኩለት። ለሰውየው ፓምፑም ራዲያተሩም ደህና እንደነበሩ ነገርኩት። ብዙ አልተናገረም። የሁለቱን የእጅ ሥራ መለስኩለት፤ የዕቃውን ዋጋ ግን መመለስ አልቻልኩም። ዛሬም በጋራዤ በር ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋልኛል። አይቆምም።