ድቧ ከፋሲካ ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ናት

ስለ ጂኦካሺንግ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ከሣጥን ወደ ሣጥን በሚጓዙት ዕቃዎች ላይ። ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። አንዱ ሣጥን ይደብቅና ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ያስመዘግባል። ሌላው በስልኩ፣ በጨዋታው አፕ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ሣጥኑን እንደነበረ ይመልሳል። የተጀመረው ኦሪገን ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ ሆን ብሎ ያዛባው የነበረውን የጂፒኤስ ምልክት ባስተካከለ ማግሥት ማለት ነው። አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዊተን ፓርክ ውስጥ ባገኘነው ሣጥን ትንሽ የድብ አሻንጉሊት ነበረች። አንገቷ ላይ የብረት ታርጋ አለ። ልጄ ስለወደዳት ይዘናት መጣን፤ በምትኳ ግን ምንም አልተውንም። ኮዷን አፑ ላይ መዝግቤያለሁ። ከፋሲካ ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ናት። ሰሞኑን ባለቤቷ ከኦሃዮ "ድቤ ደህና ናት?" ብሎ ጻፈልኝ። አፍሬ አልመለስኩለትም። ምን ይሻለኛል?
*ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ ዛሬውኑ መልሺለት። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ድቧ አለች፣ ዘገየሁብህ ይቅርታ፣ በዚህ ሳምንት አስቀምጣታለሁ። ሰውየው የፈራው መዘግየቷን ሳይሆን መጥፋቷን ነው። እንዲህ እየተባለ የጠፋው ዕቃ ብዙ ነውና አልፈርድበትም።

ያ ታርጋ ትራቭል በግ ይባላል። ወታደር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን ይመስላል፤ የጥንዚዛ ሥዕል አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አለ። ላዩ ላይ የተቀረጸው ኮድ የራሱ ገጽ አለው። ድቧ ከየት ተነሥታ በእነማን እጅ አልፋ የት እንደደረሰች፣ ስንት ማይል እንደሄደች ባለቤቱ እዚያ ይከታተላል። ታርጋውን በገንዘቡ የገዛው እሱ ነው። ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውም ላገኘ ሰው ስጦታ ይሁን ብሎ አይደለም። አክስትሽ ለጎረቤቷ ልጅ ብላ በርበሬ በአንቺ ሻንጣ ብትልክ ፈትተሽ ወጥ አትሠሪበትም፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

በምትኳ ምንም ስላለመተውሽ ግን አትጨነቂ። "የወሰደ ይተካ" የሚባለው ሣጥን ውስጥ ለመለዋወጥ ለሚቀመጡት ትናንሽ መጫወቻዎች ነው። ታርጋ ያለው ዕቃ አይለወጥም፣ አይሸጥም፤ ባዶ እጅሽን ሄደሽ ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ። አየር ማረፊያ አካባቢ "ሆቴል" የሚሏቸው ትልልቅ ሣጥኖች አሉ። አንዳንዶቹ "አንድ ሳትተው አንድ አትውሰድ" የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፈዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብቤ አልፈዋለሁ። ዕቃው የሣጥኑ ባለቤት ንብረት አይደለም፤ ሊያግተው መብት የለውም።

የመያዣው ጊዜ በልማድ ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ካለፈ ለባለቤቱ መጻፍ ነው። በረዶ ሆነ፣ ልጅ ታመመ፣ ሥራ በዛ፤ ማንም ይረዳል። ሰው የሚናደደው በዝምታው ነው።

ከማስቀመጥሽ በፊት ገጿን ክፈቺና ዓላማዋን አንብቢ። ብዙዎቹ መድረሻ አላቸው፤ አንዱ ባሕር ማየት ይፈልጋል፣ ሌላው ዓለምን ዞሮ ቤቱ መመለስ። ወደ ካሊፎርኒያ የምትሄድን ድብ ባልቲሞር ወስዶ መተው ደግነት አይባልም። በዚያ በኩል የሚሄድ ከሌለሽ ጂኦካሸሮች የሚገናኙበት ዝግጅት አፑ ላይ ፈልጊ፤ መንገደኛ አይጠፋም።

ሣጥኑ ሰፊና ደረቅ፣ በቅርቡም ሰው ያገኘው ይሁን። ጣት በሚያህል ብልቃጥ ውስጥ ድብ አትገባም። የመጨረሻዎቹን መልእክቶች ሳታነቢ አትሂጂ፤ "ውሃ ገብቶበታል" የሚል ካለ ሌላ ምረጪ። ዚፕ ባለው ላስቲክ ጠቅልያት። መጀመሪያ በእጅሽ አስቀምጫት፣ ከዚያ አፑ ላይ መዝግቢ። ሶፋ ላይ ሆነሽ አስቀድመሽ ከመዘገብሽ አንዱ ለእሷ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ ባዶ ሣጥን ይከፍታል። ካስቀመጥሽ በኋላም አታሳድሪው፤ ቀጣዩ ሰው ቀድሞሽ ከመዘገበ ጉዞዋ ይዘበራረቃል።

ልጅሽ ካዘነ ከድቧ ጋር ፎቶ አንሺውና ገጿ ላይ ለጥፊው። ባለቤቱ ከይቅርታሽ በላይ በፎቶው ይደሰታል። ታርጋው ላይ ያለውን ኮድ ግን በጣትሽ ሸፍኚ። ምክንያቱን ከታች ለሲያትሉ አንባቢ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሁለት ትራቭል በግ ይዣለሁ፤ የአንዱ ዓላማ አፍሪካን ማየት ነው። እዚያ ሣጥን ፈልጌ ልተወው?
*ከፍራንክፈርት*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጀርመንን ለምደህ ነው። እዚያ ጫካ በገባህ ቁጥር ሣጥን አለ። እኛ አገር እንደዚያ አይደለም፤ ፈላጊውም ጥቂት ነው። ዛሬ የተውከው ዕቃ የሚያነሣው ሳያገኝ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ሳትነሣ ካርታውን አይና እያንዳንዱ ሣጥን መጨረሻ የተገኘው መቼ እንደሆነ ተመልከት። "ኧርዝካሽ" ወይም "ቨርቹዋል" የሚሉት አያታልሉህ፤ ሄደህ የምታየው ቦታ እንጂ ዕቃ የምታስቀምጥበት ሣጥን የላቸውም።

እኔ ብሆን አልተወውም። ሣጥን ስታገኝ አፑ ላይ ዕቃውን "ጎብኝቷል" ብለህ የምትመዘግብበት ምርጫ አለ። ማይሉ ይቆጠርለታል፣ ዕቃው ግን ካንተው ጋር ይቆያል። እንጦጦ ወጥተህ ፎቶ አንሣው፣ ለባለቤቱ ላክለት፣ መልሰህ ፍራንክፈርት አስቀምጠው። መተው ከፈለግክ አስቀድመህ ባለቤቱን ጠይቅ። "እዚያው ይቅር፣ እጠብቃለሁ" የሚል ሞልቷል። ሁለተኛው ዕቃ አፍሪካ ልሂድ ካላለ ቤት አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ዝግጅት ላይ ጠረጴዛ ሙሉ ታርጋ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ኮዶቹን አስገብቼ "አይቻለሁ" ብዬ ብመዘግብ ምን አለበት?
*ከሲያትል*

መልስ፦ አላየኸውም እኮ! አየሁ የሚል እጁ ላይ የገባ ወይም ከፊቱ የተቀመጠለት ሰው ነው። ኮዱ የሚሸፈነውም ለዚህ ነው። አንዴ ፎቶው ከወጣ ዕቃውን ነክተውት የማያውቁ ሰዎች ገጹን ይሞሉታል፤ ባለቤቱ እውነተኛውን ጉዞ ከዚያ መሐል መልቀም ይሆንበታል። ቁጥር ለማብዛት ከሆነ እኔ አይጥመኝም።

አንድ ብቻ እምራለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ፐርሴቪራንስ፣ ካሜራዋን በምታስተካክልበት ሰሌዳ ላይ የጂኦካሺንግ ኮድ ይዛለች። እሱን ናሳ ከለቀቀው ፎቶ ላይ አንብበህ መዝግብ፤ ሄደህ ንካው የሚልህ የለም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ የራሱን ዕቃ መላክ ይፈልጋል። በልደቱ የተሰጠውን የሚያምር ጂኦኮይን (እንደ ታርጋው ኮድ የተቀረጸበት ሳንቲም) ልልከው ይላል። ልፍቀድለት?
*የአንድ ልጅ አያት፣ ከዴንቨር*

መልስ፦ እማማ፣ ሳንቲሙን አያስልኩት። ጂኦኮይን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ያማረ ሲያዩ ኪሳቸው ይገባል። በእሱ ፋንታ ትራቭል በግ ይግዙለት። ሁለት ታርጋ ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ ኮዱ አንድ ነው። አንዱ ይጓዛል፣ ሌላው ቤት ይቀራል። ታርጋው ላይ የሚያስረው ዕቃ ትንሽና ለሌላ ልጅ የማያጓጓ ይሁን፤ የድብ አሻንጉሊት ምን እንደሚገጥመው ከላይ አንብበዋል። የሚበላ ነገር ደግሞ በፍጹም፤ አይጥ ሣጥኑን ትቆረጥመዋለች። ዓላማውን ካርድ ላይ ይጻፍ፣ ካርዱን ውሃ እንዳያገኘው በፕላስቲክ ያሸጉለት። ቢጠፋ የቀረውን ታርጋ ሌላ ዕቃ ላይ አስሮ እንደገና መላክ ይችላል። ሳንቲሙን ዝግጅት ላይ ይዞ ይሂድ፤ ያየው ሁሉ ኮዱን ይመዘግብለታል፣ እሱም ማታ ኪሱ ውስጥ አድርጎት ይመለሳል።