ብረቱ የሚገባው ከዓይኑ ሥር እንጂ ዓይኑ ውስጥ አይደለም

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወንድሜን በገና ጨዋታ እሩር ከዓይኑ ሥር መታው፤ ዘጠኝ ቀን ሆነው። እብጠቱ ሲጎድል ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቀና ሲል አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ ጉንጩም ደንዝዟል። ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ጠብታ ገዝተን እያደረግንለት ነው። ሲቲ ስካኑን ያዩት ሐኪም የታይታኒየም ፕሌት ይግባለት አሉን። አጥንቱ ብሎን ይችላል? ሰው ሁሉ ብረት የገባበት ዓይን ይፈሳል ይለናል። (እህቱ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ብሎን ነው፤ የፈሩት ግን ለዓይኑ ነው። ዓይኑ በዚህ ብረት አይፈስም። ዓይን የተቀመጠበትን ጎድጓዳ የሚሠሩት ሰባት አጥንቶች ናቸው፤ የወንድምዎ የተሰበረው የጎድጓዳው ወለል ነው፤ በዓይኑና በወለሉ መካከል ስብ፣ ጡንቻና አጥንቱን የለበሰ ስስ ሽፋን አለ። ፕሌቱ የሚነጠፈው ከዚያ ሽፋን በታች ነው። ብዙ ጊዜ በታችኛው የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ስለሚገባ ፊቱ ላይ ጠባሳ አይታይም።

ወለሉማ ብሎን አይችልም፤ በብዙ ቦታ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ብሎን የሚይዘው ከዓይን በታች በጣት የሚዳሰሰው ወፍራም ጠርዝ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ብሎን ይበቃል። ጭንቁ ከኋላ ነው። ፕሌቱ ሳይሰበር የቀረው የኋላ አጥንት ላይ ካልተደገፈ ከወለሉ ሥር ጉንጭ ውስጥ ወዳለው አየር የያዘ ክፍተት (ሳይነስ) ይዘምማል፤ ዓይኑም መልሶ ይሰምጣል። ከልክ በላይ ከገባ ደግሞ ከጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የእይታ ነርቭ አለ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ልኩን በሲቲ ስካኑ ላይ አስቀድሞ ያወጣል። የጉንጩ ነርቭ በዚያው ወለል ስለሚያልፍ ድንዛዜው ወራት ሊቆይ ይችላል።

ጠብታውን ዛሬውኑ ያቁሙት። ጠብታ አጥንት ይጠግናል ያላችሁ ማን ነው? ዴክሳሜታዞን የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ብሌኑ ላይ ቁስል ካለም ያባብሰዋል። በአዋቂ ሰው እብጠቱ እስኪጎድል መጠበቅ ደግ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሠራ ግን ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጠባሳ ይይዘዋል። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ቀን ጨርሳችኋል።

አሁን ስለ አፍንጫው። አይናፈጥ! የዓይን ወለል የሳይነስ ጣራ ነው፤ ጣራው ተሰብሯል። ሲናፈጥ አየሩ በስብራቱ ሽቅብ ይገባል፤ ቆቡ ያብጣል፤ ሲነኩትም ቆዳው ሥር አረፋ እንዳለ ይንኮሻኮሻል። ሲብስ አየሩ የእይታ ነርቩን ይጫናል። ስለዚህ ንፍጡን ይጥረገው እንጂ አይግፋው። ማስነጠስ ከመጣበት አፉን ከፍቶ ያስነጥስ፤ አፍንጫውን ይዞ ማፈን ከመናፈጥም ይከፋል። ቤት ውስጥ በርበሬ ሲቆላ ይውጣ። ጉንፋን ያዘው ብላችሁ ዳማ ከሴ አታሽትቱት። ሲጋራም ይቅርበት። ለሕክምና አዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሐኪሙ በቃ እስኪለው ድረስ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያው ቀን ደህናውን ዓይን ሸፍናችሁ የተሠራው ጣት መቁጠር መቻሉን ደጋግማችሁ እዩ። ዓይኑ ተወጥሮ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ሕመሙ ከበረታና እይታው ከደበዘዘ ከኋላው ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ወዲያው ግፊቱን ካላስተነፈሰው ዓይኑ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ነርሷን ያንቁ፤ ቤት ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዛችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።