ጥያቄና መልስ፦ ባሕሩ እውነት ገፍቷል?

የባሕር ዳርቻ ለውጥን ለመለካት የድሮ የሳተላይት ምስል ያለ ክፍያ ይገኛል ወይ ላሉን፦ ይገኛል። የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች ከ1972 ጀምሮ፣ የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ደግሞ ከ2015 ወዲህ ያሉት በነጻ ይወርዳሉ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሁለተኛው ደብዳቤ ረዘም ይላል። ጸሐፊው የ1990 እና የ2020 ምስሎችን አነባብረው ባሕሩ 40 ሜትር ወደ የብስ ገብቷል ይላሉ። 40ውን ለ30 ዓመት አካፍለው የ2050ውን ዳርቻ በቀይ አስምረዋል። ካርታውን ለሰፈሩ ሰው ልበትነው ወይ ነው ጥያቄያቸው።

እባክዎ አይበትኑት። ምስሉ የሚያሳየው ሳተላይቱ ባለፈባት ቅጽበት ውሃው የደረሰበትን ጫፍ ነው። ያ ጫፍ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ዳርቻው በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ የባሕሩ ከፍታ በሙላትና ጉድለት አንድ ሜትር ሲለያይ ጫፉ 50 ሜትር ይሄዳል። የእርስዎ 40 ሜትር እኮ አንዱ ምስል በጉድለት፣ ሌላው በሙላት ሰዓት ስለተነሳ ብቻ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ የ1990ው ላንድሳት አንድ ፒክስሉ (ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ካሬ) በመሬት ላይ 30 ሜትር ነው። ወቅቱም አለ፤ ወጀብ የወሰደውን አሸዋ ጸጥ ያለው ወቅት መልሶ ያመጣዋል።

ስለዚህ ከየዓመቱ ብዙ ምስል ይሰብስቡ። እያንዳንዱ የተነሳበትን ሰዓት ከሙላትና ጉድለት ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ። የለውጡን ፍጥነት ከሁሉም ያስሉ፤ የስህተት ህዳጉንም አብረው ይጻፉ። ትንበያውም ቢሆን የሚሠራው እስካሁን አሸዋውን ሲወስድ የኖረው ነገር ካልተለወጠ ነው። ወንዙ ላይ ግድብ ከተሠራ ደለሉ እዚያው ይቀራል። ጎን ያለው መንደር የድንጋይ መከላከያ ከገነባ የአሸዋው ጉዞ ይቀየራል። ቀጥ ያለ መስመር ይህን አያውቅም። ቤቱ ላይ ቀይ መስመር ያየ ሰው ግን እንቅልፍ ያጣል፤ ደንግጦ በርካሽ ሊሸጠውም ይችላል።

አረፋው ከአሸዋው ጋር ተመሳሰለብኝ ላሉት፦ በዓይን አይለዩ። ውሃ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚውጥ በዚያ ባንድ (ሳተላይቱ ያን ብርሃን ብቻ ለይቶ ባነሳው ምስል) ጠቁሮ ይታያል። አረፋ እዚያም ሊያሳስት ስለሚችል ማዕበል የበዛበትን ቀን ይዝለሉት።

ሶፍትዌር? ኪው ጂ አይ ኤስ (QGIS) የተባለው የካርታ መሥሪያ ይበቃል፤ ነጻ ነው።

ከውሃው 20 ሜትር ርቀት ላይ ቤት ሊሠሩ ያሰቡት አንባቢ፣ እርስዎ ግን እኔን አይጠይቁ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። የሴንቲኔል አንድ ፒክስል ራሱ 10 ሜትር ነው፤ በዚያ ተለክቶ መሠረት አይጣልም። ቁፋሮው ሳይጀመር የባሕር ዳርቻ መሐንዲስ ያማክሩ፣ የመሬቱንም ከፍታ በቀያሽ ያስለኩ። የሰበሰቧቸውን ምስሎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይዘው ይሂዱ፤ ለመሐንዲሱ ሥራ ያቀልሉለታል።